የፊደል ገበታው ግርጌ

ስለ ጠፋ የቤተሰብ ማተሚያ ቤት ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ ነው፤ የት ሰፈር ነበር፣ ማሽኑን ማን አስመጣው፣ በሩ መቼ ተዘጋ ይባላል። በዚህ አጠያየቅ ቁሐር ሚካኤልና ወረታን የያዘው የፎገራ ሜዳ ምንም የሚመሰክረው አይኖርም። አገሩ የሚታወቀው በከብቱ፣ በኋላም በሩዙ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በሚሞሉት በርብና በጉማራ ወንዞች ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ማተሚያ ቤት እንደ ወፍጮ ቤት አይደለም። የወፍጮ ቤት ትዝታ ድንጋዩ በዞረበት መንደር ይቀራል፤ የማተሚያ ቤት ትዝታ ግን ወረቀቱ በተነበበበት ሁሉ ይበተናል። ስለዚህ ማሽን ያልቆመበት ሜዳም የራሱ የሕትመት ታሪክ አለው፤ እንዲያውም የትኛው ማተሚያ ቤት ለምን እንደታወሰ፣ የትኛውስ ለምን እንደተረሳ፣ ከከተማው ይልቅ ከዚህ ርቆ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል።

ፎገራን ወደያዘው በጌምድር የታተመ ቃል የደረሰው ከሩቅ ነው። አቡ ሩሚ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 የታተመው ለንደን ነበር፤ ወደ ሰሜኑ አገር ያመጡትም ሚስዮናውያን ናቸው። ከፎገራ ወደ ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው ሠሩ። ብረት ማቅለጥ የሚችል እጅ ነበረ ማለት ነው፤ ከጋፋት የወጣው ግን መድፍ እንጂ የማተሚያ ፊደል አይደለም። ከሜዳው በስተሰሜን ከታወቀችው የገበያ ከተማ ከይፋግ አካባቢ የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ሰዋስዋቸውን በ1889 ዓ.ም. ያሳተሙት ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ነው። “የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ” የተባለው መጽሐፋቸውም በ1914 ዓ.ም. የወጣው አሥመራ፣ ከዚያው ሚስዮን ማተሚያ ነበር። የአለቃ ታዬ ስም ዛሬም ይነሣል። የእምኩሉን ስም የሚያነሣው ግን የመጽሐፍ ታሪክ የሚያጠና ሰው ብቻ ነው። ደራሲ አታሚውን ይጋርደዋል።

ይኸው ነገር በግል ማተሚያ ቤቶች ዘንድ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከመርሐቤቴ ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ፣ በ1904 ዓ.ም. የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጅተው ያወጡ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ ቆጣሪም ነበሩ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ “ጎሐ ጽባሕ” የሚባል የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። በ1921 ዓ.ም. “ዋዜማ”ን፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ጃፓን ጉዟቸው የጻፉትን “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን”ን ያተመው እርሱ ነው። ከዚያ የፋሺስት ወረራ መጣ፤ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ዐረፉ፤ ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴም በወራሪው እጅ ተገደሉ። ዛሬ ኅሩይ የሚታወሱት በደራሲነታቸውና በሚኒስትርነታቸው ነው፤ ጎሐ ጽባሕ ግን በአሮጌ መጻሕፍት የፊት ገጽ ላይ ብቻ ቀርቷል። በአንጻሩ የአታሚውን የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋን ስም ሹመት አላገነነውም። ሀ ሁ፣ አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስ በአንድ ቅጠል የታተሙበት የፊደል ገበታ በካርቶን ላይ ተለጥፎ በየአብነት ትምህርት ቤቱ፣ በየደጁና በየዛፉ ጥላ ሥር ሲነበብ ኖረ። ሕፃን በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ሲቆጥር የአታሚውን ስም አብሮ ያየዋል። ለማተሚያ ቤት ትዝታ የሚያስፈልገው የባለቤቱ ዝና ሳይሆን የሥራው ዕለታዊ አገልግሎት ነው የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ጎሐ ጽባሕን ጦርነት ቀጠፈው፤ ተስፋ ማተሚያ ቤት ግን ከወረራው በኋላም ዘመናት ሠራ፤ የዘለቀ ነገር መታወሱ ምን ያስደንቃል? ክርክሩ ለአዲስ አበባ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ በዚያ የማተሚያ ቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል። ከወረታ ገበያ የፊደል ገበታ ለሚገዛ አባት ግን ማተሚያው አራት ኪሎ ይቁም ቡልጋ ግድ አይሰጠውም፤ የሚያውቀው ቅጠሉን ነው። ዕድሜ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ያንኑ ያህል የቆዩ የንግድ ማተሚያዎች ሁሉ በገጠር በስማቸው በተጠሩ ነበር፤ ደረሰኝና የሠርግ ጥሪ ያተመን ማን ያስታውሳል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ስም ማወቅ ትዝታ አይደለም ይላል፤ ሕፃኑ ያንን ስም የፊደሉ አካል አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ስለ ሥራውም ምንም አይነግረውም። ይህ እውነት አለበት፤ ስሙ የማይነግረው ሥራ ቀላል አልነበረምና። የላቲን ፊደል ትንሹም ትልቁም ቢደመር 52 ነው፤ የእኛ ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና የግዕዝ ቁጥሮች ገና አልተቆጠሩም። በእርሳስ ፊደል ዘመን እያንዳንዱ የራሱ ሣጥን ያስፈልገው ነበር። ፊደል ለቃሚው እጁ ሣጥኖቹን በቃሉ እስኪያውቅ መልመድ፣ መስመሩንም ግራ ቀኝ ገልብጦ ማንበብ ነበረበት። የዚህ ሠራተኛ ስም በገበታው ግርጌም ሆነ በ“ዋዜማ” የፊት ገጽ የለም። የንባብ ትዝታ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቀሪውን ማወቅ የሚቻለው ሠራተኞቹን ከሚያውቁ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ነው፤ ፎገራ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ሆኖም ሜዳው ያለውን ያህል ማቃለል አይገባም። ባለቤትና ማሽን ከጠፉ በኋላ የማተሚያ ቤትን ስም፣ ከተማና ዓመተ ምሕረት አንድ ላይ ይዞ የሚቆየው የታተመው ወረቀት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ያልሰበሰበው አሮጌ እትም በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወይም በአንድ መሪጌታ ሣጥን ሊገኝ ይችላል። ችግሩ በአገልግሎት የነተበ መጽሐፍ አስቀድሞ የሚጥለው የፊቱንና የኋላውን ቅጠል መሆኑ ነው፤ የአታሚው ስም ያለውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የቆየ መጽሐፍ የሚጠግን ወይም የሚደጉስ ሰው፣ ጽሑፉ ጸሎት ስላልሆነ ብቻ የተላቀቀውን ቅጠል ከመጣል ይልቅ ከውስጥ አብሮ ቢሰፋው የተሻለ ነው።