በኤጀንሲ የተቀጠረች ፕሮግራመር ደመወዝ እንዴት ይሰላል?

አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ ውስጥ ሙዝ የሚያመርት ሰው ማሳው ላይ የሸጠበት ዋጋ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚጨምር ያውቃል። ጭማሪው ሁሉ ግን የነጋዴ ትርፍ አይደለም፤ የመኪና ኪራዩም፣ የማብሰያ ቤቱም፣ መንገድ ላይ የሚበላሸውም እዚያው ውስጥ አለ። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በኤጀንሲ በኩል ለአንድ ባንክ ልትሠራ ፕሮግራመር ሆና የተቀጠረች ልጅዎም «ባንኩ ለእኔ 40 ሺህ ይከፍላል፣ እጄ ላይ የሚደርሰው 13 ሺህ ነው» ብትልዎት ሂሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ባንኩ ለምን ራሱ አይቀጥራትም? ሥራው ከስድስት ወር በኋላ ሊያልቅ ይችላል፤ ጀማሪን መፈተንና ማሠልጠንም ጊዜ ይፈጃል። ለኤጀንሲው የሚከፍለው ይህን ጣጣ እንዲሸከምለት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። ባንኩ በወር 40,000 ብር ይከፍላል፣ የልጅቱ ደመወዝ 20,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። በየእርከኑ ሲደመር ግብሩ 4,950 ብር ይመጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ሲቆረጥ የተጣራው 13,650 ብር ነው። ኤጀንሲው በበኩሉ ለጡረታዋ 11 በመቶ፣ 2,200 ብር ይጨምራል። ስለዚህ ወጪው 22,200 ሆኖ 17,800 ብር ይተርፈዋል።

ይህ ገንዘብ ይብዛ ይነስ የሚታወቀው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነው። በዓመት ሦስት ወር ያለ ሥራ ብትቀመጥና ደመወዟ ባይቋረጥ፣ ኤጀንሲው በ9 ወር 360,000 ብር ሰብስቦ በ12 ወር 266,400 ያወጣል። ቀሪው በወር 7,800 ብር ነው፤ ቢሮውም አሠልጣኙም የሚከፈለው ከዚያ ላይ ነው። ሥራ ሲጠፋ ደመወዝ የሚያቆም ኤጀንሲ ግን በሥራ ወራት 17,800ውን ይይዛል፣ ባዶውን ወር ለእርስዎ ቤት ይተዋል። ይህ ድለላ ነውና ድርሻውም የድለላ ያህል መሆን አለበት።

ደንበኛው የውጭ አገር ድርጅት ከሆነ ሌላ ነገር ይታከላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ክፍያው በዶላር ገብቶ ደመወዙ በብር ከተጻፈ፣ ውሉ ካላስገደደ በስተቀር ጭማሪው የኤጀንሲው ነው።

የውሉ ዓይነትም ይታይ። የቅጥር ውል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በመጀመሪያው ዓመትም 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አላት። «የአገልግሎት ውል» ብለው ካስፈረሟት ግን ዕረፍቱንም ጡረታውንም ልታጣ ትችላለች።

ከመፈረሟ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ፕሮጀክት ሲያልቅ ደመወዜ ይቀጥላል? ባንኩ ራሱ ልቅጠርሽ ቢለኝ የሚከለክል አንቀጽ አለ? ደመወዜ መቼ ይከለሳል? መልሱ ውሉ ላይ ከሰፈረ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በአነስተኛ ደመወዝ ሠርታ ልምድ ብታገኝበት አትከስርም። «እሱን በኋላ እናያለን» ካሏት ግን ሌላ ኤጀንሲ ጋ ሳትጠይቅ አትፈርም።