ልደትን በቪየና

ቤተሰብን ይዞ ልደትን በአንድ የአውሮፓ ከተማ ማክበር ከሌላው የእረፍት ጉዞ የሚለየው ቀኑ የማይገፋ በመሆኑ ነው። ለሽርሽር ብቻ የሚሄድ ሰው ትኬት በረከሰበት፣ አየሩ ባማረበት ሳምንት ይነሳል። ልደት የሚያከብር ግን ቀኑ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ሰኞ ይሁን እሑድ፣ ጾም ይሁን ፍስክ እንዳመጣጡ ይቀበለዋል። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ ሁሉ የሚጀምረው በዚያ ቀን በከተማው ምን ክፍት እንደሆነ ከማወቅ ነው። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ልጅንም አያትንም የሚያስደስቱ ቦታዎቿ በሜትሮ ተቀራራቢ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ይበርባታል።

ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቀኑ ራሱ ስሌት ይፈልጋል። ፓስፖርት ላይ የሚጻፈው የትውልድ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን እቤት የሚከበረው ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በየዓመቱ አይገጥሙም። በጥምቀት ዕለት የተወለደች ልጅ ልደቷ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚሆንበት ዓመት ግን፣ በ2024 እንደታየው፣ ጥር 11 ወደ ጃንዋሪ 20 ይሻገራል። ክፍያ በዕድሜ በሚወሰንበት ቦታ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ለምሳሌ በቪየና የሚገኙት የፌዴራል ሙዚየሞች ከ19 ዓመት በታች ላለ ሁሉ በነጻ ክፍት ናቸው። 19 ዓመት የሚሞላት ወጣት ሙዚየሙን በዋዜማው ብትጎበኝ ይሻላታል፤ በልደቷ ቀን ትከፍላለች።

የቪዛው ጉዳይም ከቀኑ ጋር የተሳሰረ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል። መልሱ እንደ ደንቡ በ15 ቀን ይሰጣል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ይረዝማል። የቀጠሮ ወረፋው ሲደመርበት ሦስትና አራት ወር ቀድሞ መጀመር መጣደፍ አይባልም። ክፍያው ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላቸው 45 ዩሮ ሲሆን ከ6 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ግዴታ ነው። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀትና የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ዘመድ ከሦስት አቅጣጫ የሚሰባሰብ ከሆነ የየአንዳንዱ መንገድ ይለያያል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፣ ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ እዚያው ያመለክታል።

ወቅቱን መምረጥ ስለማይቻል ወቅቱ የሚሰጠውን ማወቅ ይበጃል። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ቪየና ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቅባታለች፤ ጁን ላይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ብርሃን አለ። ክረምቱ ባዶውን አይመጣም። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ የገና ገበያ ይተከላል፤ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ እዚያው ቦታ ሰፊ የበረዶ መንሸራተቻ ይዘረጋል። የሳምንቱ ቀንም ይቆጠራል። እሑድ ሱቆች በሕግ ዝግ ናቸው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ እንደ ልማዱ ማክሰኞ ያርፋል፤ ፊት ለፊቱ ያለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ደግሞ ከአውሮፓው በጋ ወራት በቀር ሰኞ ይዘጋል።

የትኛውም ቀን ቢሆን የማያሳፍረው በሾንብሩን ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው የእንስሳት ማቆያ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ይከፈታል። በ1752 የተመሠረተው በንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ባል በንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ቀዳማዊ ሲሆን፣ እስካሁን ካሉት የዓለም የእንስሳት ማቆያዎች አንጋፋው ነው። መሐሉ ላይ ያለው ባለስምንት ማዕዘን ቤት የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ቁርስ እየበላ በዙሪያው ያሉትን እንስሳት የሚመለከትበት ነበር። ማሪያ ቴሬዛ 16 ልጆች ወልዳለች፤ በቤተ መንግሥቱ ልደት ሳይከበር የሚያልፍ ወር ብዙ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሞዛርት በ1762 በ6 ዓመቱ ለንግሥቲቱ የተጫወተው እዚሁ ነው። ዛሬ በቤተ መንግሥቱ የልጆች ሙዚየም ውስጥ እንግዳው ልጅ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ፣ ዊግ ደፍቶ ልዑል ወይም ልዕልት ሆኖ ይታያል። ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ ከዚህ የተሻለ ፎቶግራፍ አይገኝም።

ፕራተር የሚባለው ፓርክ የልጆች ምርጫ ይሆናል። ድሮ የነገሥታት አደን ቦታ የነበረውን ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ በ1766 ለሕዝብ ከፈተው። የጨዋታ ሰፈሩ መግቢያ አያስከፍልም፤ የሚከፈለው በየጨዋታው ነው፤ ወላጅ ይህን ሳያውቅ ገብቶ ኪሱ ሲራቆት ይታያል። ትንንሾቹ ጨዋታዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከማርች አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ግዙፉ ተሽከርካሪ መንኮራኩር ሪዘንራድ ግን በክረምትም ይዞራል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዋልተር ባሴት በ1897 ያቆመው ይህ መንኮራኩር ቁመቱ ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። መጀመሪያ 30 ሳጥኖች ነበሩት። በ1944 በጦርነቱ ተቃጥሎ ሲታደስ 15 ብቻ ተመለሱለት። እያንዳንዱ ሳጥን መስኮቶች ያሉት ትንሽ የባቡር ፉርጎ ይመስላል፤ አንድ ቤተሰብ ከነአክስት ከነአጎቱ ቆሞ ይዞርበታል። አዟዟሩ በጣም ዝግ ያለ በመሆኑ ከፍታ የሚፈሩ አያትም ደፍረው ይገቡበታል።

የልደት ኬክ ከተነሳ ቪየና የራሷ አላት። እንደሚተረከው በ1832 የኦስትሪያው ቻንስለር ሜተርኒኽ ለእንግዶቹ የተለየ ጣፋጭ ባዘዘበት ቀን ዋናው ወጥ ሠሪ ታሞ ስለነበር ሥራው በ16 ዓመቱ ተለማማጅ በፍራንዝ ሳኸር ላይ ወደቀ። ውጤቱ በቸኮላታ የተለበጠ፣ የአፕሪኮት ማርማላታ የተቀባ፣ ደረቅ ያለ የቸኮላታ ኬክ ነበር። የፍራንዝ ልጅ ኤድዋርድ በ1876 ከኦፔራው ቤት ጀርባ ሆቴል ሳኸርን ከፈተ። በኋላ ሆቴሉና ዴሜል የተባለው ኬክ ቤት «እውነተኛው የእኔ ነው» በሚል ለዓመታት ተካሰሱ፤ ጉዳዩ የተቋጨው በ1963 ነው። ዛሬ የሆቴሉ ኬክ መሐሉ ላይም ማርማላታ አለው፤ የዴሜል ከቸኮላታው ሥር ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀምሶ መፍረድ ለቤተሰብ ጥሩ ጨዋታ ይሆናል። ስኳር የሌለበት የተመታ ክሬም አብሮ ይቀርባል፤ ያለ እሱ ኬኩ ጉሮሮ ላይ ይደርቃል። ቅቤና እንቁላል ስላለበት ልደቱ በጾም ከዋለ አይሆንም፤ በከተማዋ ብዙ ቦታ ቪጋን ተብለው የሚሸጡት ኬኮች የጾመኛውን ችግር ያቃልላሉ።

ኬኩ የሚበላበት ቡና ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ ስኒ ቡና በትንሽ ትሪ ከብርጭቆ ውኃ ጋር ይመጣል፤ ያንኑ ይዞ ለሰዓታት መቀመጥ ነውር አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለለመደ ቤተሰብ ሁለተኛው ስኒ በራሱ አለመምጣቱ ቅር ሊለው ይችላል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በኦስትሪያ ቀኑ ሳይደርስ መልካም ልደት መመኘት ገደ ቢስ ነው ይባላል፤ በዋዜማው ለአስተናጋጅ ቢነገር ፈገግ ከማለት በላይ የምኞት ቃል ላይወጣው ይችላል።

አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ሁለት መንገድ አለው። 136 ሜትር ከፍታ ያለው የደቡቡ ግንብ በ343 ደረጃዎች ይወጣል፤ ለወጣቶች ነው። የሰሜኑ አጠር ያለ ግንብ አሳንሰር አለው፤ ፑመሪን የተባለው ታላቅ ደወልም የተሰቀለው እዚያ ነው።

እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ ስጦታ የሚገዛ ሰው ቅዳሜን ባያሳልፍ ይሻላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ጎብኚ በአንድ ሱቅ ከ75 ዩሮ በላይ ከገዛ የተጨማሪ እሴት ታክሱ በከፊል ይመለስለታል። ለዚህም ፓስፖርቱን አሳይቶ የተመላሽ ቅጹን ከሱቁ መቀበል፣ ዕቃውን ሳይጠቀምበት ማቆየትና ከኅብረቱ በሚወጣበት አየር ማረፊያ ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት ለጉምሩክ ማሳየት ይኖርበታል።