ልብን ማሳረፍና ልብን መመርመር

የቡድሃ ተከታዮች ተመስጦ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እግሩን አጣጥፎ ዐይኑን የጨፈነ መነኵሴን ነው። አቀማመጡ አንድ ይምሰል እንጂ የሚፈለገው ነገር ይለያያል።

«ሳማታ» የሚባለው ልብን በአንድ ነገር ላይ፥ ለምሳሌ በእስትንፋስ ላይ፥ አጽንቶ ማሳረፍ ነው። «ሜታ» በጎ ምኞትን ከራስ ጀምሮ ለወዳጅ፥ ኋላም ለጠላት ማዳረስ ነው፤ (ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም)።

«ቪፓሳና» ግን ምርመራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በራንጉን ያስተማሩት በርማዊው መነኵሴ ማሃሲ ሳያዶ፥ ተማሪው ሲተነፍስ ሆዱ ከፍና ዝቅ ማለቱን እንዲያስተውል፥ ሐሳብ ሲመጣበት «ማሰብ»፥ ሲያመውም «ሕመም» እያለ በልቡ እንዲሰይም ያዝዙ ነበር። ዓላማው ሁሉ መጥቶ ሐላፊ መሆኑን፥ «እኔ» የምንለውም ቋሚ አለመሆኑን ራስ አይቶ መረዳት ነው።

ታዲያ ጸጥታው ብቻ አይበቃምን? ለፈተና ሰሞን ጭንቀት ማስታገሻ ለሚሻ ተማሪ ይበቃ ይሆናል። ደግሞም የደፈረሰ ውሃ ካልጠለለ ታቹ አይታይምና ሳማታ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በትውፊታቸው እንደሚተረከው ቡድሃ ራሱ ከሁለት መምህራን ጥልቅ ጸጥታን ከተማረ በኋላ፥ ይህ ብቻ ወደ መንቃት አያደርስም ብሎ፥ አብረኸን አስተምር ቢሉት እንኳ ትቷቸው ሄዷል።