የኤሌክትሪክ መኪናን በጣና ዳር ስለ ማሳየት

ዕውቀትን በዐይን ማስተማር ለጣና ዳር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ በሥዕል ያስጌጡት አበው፣ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ተአምሩንና ገድሉን በዐይኑ እንዲያነብ አስበው ነበር፤ የየገዳማቱ ዕቃ ቤትም የነገሥታቱን ዘውድና የብራናውን መጽሐፍ ለተሳላሚ ሲያሳይ ኖሯል። ለዓለማዊው ጥበብ እንዲህ ያለ ቤት፣ የኢትዮጵያ ሳይንስ ሙዚየም፣ በአዲስ አበባ የተከፈተው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቀው፣ በእንዲህ ያለ ቤት አካሉ ተከፍቶ ቢታይ ለባሕር ዳር ሕዝብ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመውን የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

በምኒልክ ዘመን ከገባችው ከመጀመሪያይቱ መኪና ጀምሮ በመንገዳችን የሚመላለሰው አብዛኛው ተሽከርካሪ ኃይሉን የሚያገኘው ቤንዚን ወይም ናፍጣ በማቃጠል ነው። ከዚህ እሳት ጎማውን ለማዞር የሚተርፈው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከሲሶ አይበልጥም፤ የቀረው በራዲያተሩና በማርሚታው በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ሲከፈት ግን ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሚታ የለ፤ ከወለሉ ሥር ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ተነጥፎ፣ በአክሱ አጠገብ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ሞተር ተቀምጦ ይታያል። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚዞር መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጠራል፤ በመካከል ያለውም ዘንግ ያንን ኃይል እየተከተለ ይሽከረከራል። ሞተሩ አየር ስለማይስብ፣ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ባሕር ዳር የአየሩ መሳሳት ጉልበቱን አይቀንሰውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቁልቁለት ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። መኪናው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ነጂው እግሩን ከፍጥነት መስጫው ባነሣ ጊዜ፣ ሞተሩ ግብሩን ለውጦ ዲናሞ ይሆናል፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረ፣ ሌላው መኪና በፍሬኑ አግሎ የሚያጠፋውን ኃይል እርሱ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። በቍጥር ለመናገር፣ አንድ ሊትር ቤንዚን የ9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስላለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጠጣ መኪና ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለዚያው መንገድ ለትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ሲመጣ፣ ኤሌክትሪኩ ግን የሚገኘው ከገዛ ውሃችን ነው። በ1950ዎቹ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ እየሄደ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ጣና በለስን አስገኘ፤ ዓባይም ወደ ታች ወርዶ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሞልቷል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ትእዛዙ ከትምህርቱ ቀድሞ ደረሰ፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ስለዚህ መኪና የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። ማሳያው ነውሩንም ሊሰውር አይገባውም፤ ባትሪው ዕድሜ እንዳለው፣ ዋጋውም ከባድ እንደ ሆነ፣ ከከተማ ወጣ ሲባል ቻርጅ ማድረጊያ እንደሚያስቸግር ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ወራሽ የሆነው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ተግባር መምህራንም ተማሪዎችም አሉት። እንግዲህ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አካሉን ከፍቶ፣ የየክፍሉን ስም በአማርኛ ጽፎበት፣ ሕዝቡ በሰንበት በሚናፈስበት በሐይቁ ዳር እንዲያቆምልን፣ የባጃጅ ነጂውም መካኒኩም ተማሪውም ያለ ክፍያ ገብተው በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲጠይቁ እንዲፈቅድልን በአክብሮት እንለምናለን።