የስልኩ መልእክትና የአክፋዩ መሶብ

የሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም ሊፈታ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ምእመናን ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይሰበሰባሉ። ከበሮው ይመታል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ ጧፉ ከእጅ ወደ እጅ ይለኮሳል። የትንሣኤው ብሥራት ተሰምቶ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲመለስ ግን ከጥንቱ ሥርዓት ጎን አንድ አዲስ ልማድ እንደ ተተከለ ይታያል። ዶሮ ወጡ ከምድጃ ሳይወርድ የእጅ ስልኮች መጮህ ይጀምራሉ። መስቀልና አደይ የተሣለባቸው የመልካም ምኞት ሥዕሎች ከቤት ወደ ቤት፣ ከአገር ወደ አገር ይጎርፋሉ።

በአገራችን የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዘመናት ሩቅ ያለ ዘመድ ‹‹እንኳን አደረሳችሁ›› ይል የነበረው በደብዳቤ፣ በካርድና በቴሌግራም ነበር። የቴሌግራም ዋጋ የሚታሰበው በቃላቱ ቁጥር በመሆኑ፣ ላኪው እያንዳንዷን ቃል መዝኖ ይጽፍ ነበር። ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ያነብባል፤ እናትም ደግማ ደጋግማ ካስነበበች በኋላ ወረቀቱን ከሣጥኗ ታኖረዋለች።

ዛሬ ቴሌግራም የሚለው ስም የሌላ ነገር መጠሪያ ሆኗል። በእኛ አቆጣጠር ፌስቡክ በ1996፣ ዋትስአፕ በ2001፣ የአሁኑ ቴሌግራም ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ተፈጠሩ። በአገራችን ኢንተርኔት በ1989፣ የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀምረው ስለነበር፣ እነዚህ መገናኛዎች ሲመጡ መንገዱ ተጠርጎ ቆይቷቸዋል። ቃል እየተቆጠረ የሚከፈልበት ዘመን አልፎ፣ አንድ ሰው አንድን ሥዕል በአንድ ጊዜ ለመቶ ዘመድ የሚልክበት ዘመን ተተካ።

የዚህን ለውጥ በጎ ገጽታ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ልጆቻቸው በሩቅ አገር የሚኖሩባቸው ወላጆች ናቸው። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት፣ አሠሪዎቿ ለበዓል ፈቃድ ባይሰጧትም፣ ሥራዋን ጨርሳ በስልኳ መስኮት የእናቷን ፊት ታያለች። ድፎው ሲቆረስ ትመለከታለች፤ የአባቷን ምርቃት ‹‹አሜን›› እያለች ትቀበላለች። ሌሊቱን የቆመውን ቅዳሴም በዚያችው ስልክ የምትከታተል ብዙ ናት። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችንም የእናት አገራቸውን በዓል እንዲሁ ይጋራሉ።

ንግዱም ከዚህ ለውጥ ውጪ አልቀረም። ቀድሞ ለበዓል ልብስ የፈለገ ሰው ሽሮ ሜዳ ወጥቶ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ፣ ጥለቱን በጣቱ ዳስሶና ተከራክሮ ይገዛ ነበር። ዛሬ የሐበሻ ቀሚስ ነጋዴዎች የልብሱን ፎቶግራፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ያወጣሉ፤ ከባሕር ማዶ ያለ ገዥ መርጦ ያዝዛል። በአገር ውስጥ ያለውም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ወይም በባንኩ በኩል ሒሳቡን ይከፍላል። የሠፈር ሰዎችም የቅርጫውን በሬ ለመግዛት የሚነጋገሩትና መዋጮ የሚሰበስቡት በስልክ የቡድን መልእክት ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዓይን ብቻውን የሚገዛው ዕቃ አደጋ አለው። በሸማኔ እጅ የተሠራው ጥበብና በፋብሪካ የታተመው አምሳያው በፎቶግራፍ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው እጅ ነው። ‹‹ዋጋ በውስጥ መስመር›› የሚለው የዘመኑ ማስታወቂያም በአደባባይ ይደረግ የነበረውን ክርክር ከሰው ዓይን ሰውሮታል። ቀብድ ተቀብሎ የሚሰወር ሻጭ፣ የሌላውን ሰው መለያ ሰርቆ ‹‹ለበዓል ገንዘብ ቸግሮኛልና ላክልኝ›› የሚል አታላይም አለ። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክ በፊት ደውሎ የሰውየውን ድምፅ መስማት ይገባል።

ከገንዘብ ጉዳት የሚከፋም አለ። በባህላችን የሞት ዜና እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። የቅርብ ሰዎች ይመክራሉ፤ ሰዓት ይመርጣሉ፤ ወዳጅ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ ሐዘንተኛውን ደግፎ ያረዳዋል። ዐውደ ዓመት ከተቃረበም በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ዜናውን ይዘው የሚታገሡ አሉ። አሁን ግን አንድ ችኩል ወዳጅ የሟችን ፎቶግራፍ ለጥፎ ‹‹ነፍስ ይማር›› ይላል። ልጅ በባዕድ አገር፣ ከሥራ መልስ በአውቶቡስ ተቀምጦ ሳለ፣ የእናቱን ሞት ከማያውቀው ሰው ጽሑፍ ያነብባል። የሚደግፈው ክንድ፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ከጎኑ የለም። የለጠፈው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ሐዘኑን መግለጹ ነበር። ነገር ግን አባቶች በጥንቃቄ የሠሩት ሥርዓት በአንዲት ጣት ንክኪ ፈርሷል። ቤተሰቡ መርዶውን ለሁሉም ማድረሱን ሳያረጋግጡ ስለ ሞት አለመጻፍ፣ የዘመኑ ሰው ሊማረው የሚገባ አዲስ ጨዋነት ነው።

በዚህ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ልናስበው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በብዙ አካባቢዎች ያገቡ ልጆች ለወላጆቻቸውና ለአማቾቻቸው፣ የክርስትና ልጆችም ለክርስትና አባትና እናታቸው አክፋይ ይዘው ይሄዳሉ። ድፎው በመሶብ፣ ጠላው በእንስራ ይቀርባል፤ ጉልበት ተስሞ ምርቃት ይገኛል፤ የተቀያየመም ካለ በዚያው ይታረቃል። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ የአንድ ታክሲ መንገድ ርቀት ላይ ሆነው፣ አበባ ያለበት ሥዕል ልከው ‹‹ጠይቄያቸዋለሁ›› የሚሉ ልጆች ግን እየበዙ መጥተዋል። እናት ሥዕሉን ታያለች፤ ልጇንም ትመርቃለች። ከዚያ በኋላ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ማለቷን አትተውም።

ስልኩ መንገድ ለራቀበት፣ ፈቃድ ለተነፈገው፣ ለታመመውም ታላቅ ጸጋ ነው። መሄድ የሚችል ሰው ግን መልእክቱን ከላከ በኋላ ጫማውን ያጥልቅ። የሚወስደው ቢያጣ እንኳ ባዶ እጁን ይሂድ፤ እናት የምትጠብቀው መሶቡን ብቻ አይደለምና።