የጥቅም ግጭትና ይሉኝታ በአነስተኛ የተራድኦ ኮሚቴዎች

በአንዲት የገጠር አጥቢያ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚረዳ፣ ሰባት አባላት ያሉት የተራድኦ ኮሚቴ አለ እንበል። ሰብሳቢው ካህን የገንዘብ ያዡ የንስሐ አባት ናቸው። ጸሐፊውና ንብረት ያዡ አበ ልጅ ናቸው። አንደኛው አባል በወረዳው ከተማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። የአንዲት አባል እኅት ደግሞ ባሏ ሞቶባት ለዘንድሮው ድጋፍ አመልክታለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም በደል አልፈጸሙም። ይሁን እንጂ ከሰባቱ ስድስቱ ዛሬ ወይም ነገ የጥቅም ግጭት ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

የጥቅም ግጭት የምንለው አንድ ሰው በአደራ የተቀበለው ኃላፊነት ወደ አንድ ወገን፣ የራሱ ወይም የቅርብ ሰዎቹ ጥቅም ደግሞ ወደ ሌላ ወገን ሊስቡት የሚችሉበትን ሁኔታ ነው። ይህ ሁኔታ ከምዝበራ ጋር አንድ አይደለም። ምዝበራ የተፈጸመ ጥፋት ሲሆን የጥቅም ግጭት ግን ሰው ሳያጠፋም የሚገኝበት ቦታ ነው። ጥፋት የሚሆነው ሲደበቅ፣ ወይም ባለጉዳዩ ራሱ በጉዳዩ ላይ ሲወስን ነው። በከተማ የሚገኙ ትልልቅ ድርጅቶች ዝምድና የሌላቸውን ሰዎች በየቦታው መመደብ ይችሉ ይሆናል፤ ሁሉም በሥጋ፣ በጋብቻ ወይም በክርስትና በሚዛመድበት አጥቢያ ግን ይህን መመኘት ኮሚቴውን ያለ ሰው ማስቀረት ነው። ስለዚህ ግንኙነቱን ማጥፋት ሳይሆን ማሳወቅና ከውሳኔው መለየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው ብለን እናምናለን። ባለመደብሩ ሲሚንቶ ሊገዛ በተቃረበበት ዕለት «ከእኔ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነው» ብሎ መናገር ራሱን ማስጠርጠር ይመስለዋል። የቀሩትም ቢጠይቁት ወንድማቸውን የሰደቡት ያህል ይሰማቸዋል። በዚህ ምክንያት ጥያቄው ጉዳይ በመጣበት ዕለት ሳይሆን ምንም ጉዳይ በሌለበት ጊዜ፣ ለሁሉም በእኩል ሊቀርብ ይገባል። በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ በሐምሌ፣ እያንዳንዱ አባል ያለውን ንግድ፣ የሚያገለግልባቸውን ሌሎች ማኅበራት፣ ከኮሚቴው ሠራተኞችና ከተረጂዎች ጋር ያለውን ዝምድና በአንድ መዝገብ ያስመዝግብ። ሰብሳቢው ቀድመው ያስመዝግቡ። የሰብሳቢው ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ከሠፈረ በኋላ ሌላው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም።

የንስሐ አባትና የንስሐ ልጅ ጉዳይ ከሌሎቹ ይልቅ ሊጤን ይገባዋል፤ ከሌላ አካባቢ በሚመጡ የአሠራር መመሪያዎችም ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ገንዘብ ያዡ ከካዝናው ገንዘብ መጉደሉን ለንስሐ አባቱ ቢናዘዝ ካህኑ ያን ምሥጢር በየትኛውም ስብሰባ ሊያነሡት፣ በእርሱም መነሻነት ምርመራ ሊያዙ አይችሉም። ሰብሳቢ እንደመሆናቸው ግን ሒሳቡን የመቆጣጠር ግዴታ አለባቸው። ሁለቱ ኃላፊነቶች በአንድ ሰው ላይ ሲወድቁ አንዱ ሌላውን ያስረዋል። መፍትሔው ካህኑን ከኮሚቴው ማስወጣት አይደለም፤ የቼክ ፊርማውንና የየወሩን የካዝና ቆጠራ ለሌሎች አባላት መስጠት ነው። ይህም የሕዝቡን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ምሥጢረ ንስሐንም ይጠብቃል።

ወደ ግዢው እንመለስ። የባለመደብሩ ዋጋ ከሌሎቹ የሚያንስ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ከእርሱ አለመግዛት የተረጂዎችን ገንዘብ ማባከን ነው። እርሱ ያልተሳተፈበት ሌላ አባል ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብስብ፤ በታሸገ ፖስታ የመጡት ዋጋዎች በአንድ ጊዜ ይከፈቱ፤ ዕቃውን ቆጥሮ የሚረከበው ደግሞ ግዢውን ያልፈጸመ ሰው ይሁን። ባለመደብሩ በሚወሰንበት ጊዜ ከክፍሉ ይውጣ። «ዝም ብዬ እቀመጣለሁ» ማለት አይበቃም፤ በፊቱ ዋጋው ተወዷል የሚል ጎረቤት አይገኝምና።

የተረጂ ምርጫ ከግዢ የበለጠ ይከብዳል። ብዙ ኮሚቴዎች ከሐሜት ለመዳን «የአባል ዘመድ አይረዳም» የሚል ደንብ ያወጣሉ። እኛ ይህን ደንብ አንደግፈውም። ባሏ የሞተባት ያች እናት በእውነት ችግረኛ ከሆነች በእኅቷ አገልግሎት ምክንያት ልጆቿ ጾማቸውን ማደር የለባቸውም። ይልቁንም መመዘኛው ከማመልከቻው በፊት በጽሑፍ ይውጣ፤ ቤቷን የሚጎበኙት ሌሎች ሁለት አባላት ይሁኑ፤ እኅቷ ትውጣ፤ ቃለ ጉባኤው መውጣቷንና መመለሷን ይመዝግብ። የተመረጡት ሰዎች ብዛትና መመዘኛው ለአጥቢያው ምእመናን ይገለጽ፤ የችግረኞችን ስም በአደባባይ ማንበብ ግን ክብራቸውን ይነካል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈው ታሪክ ስለ ዲቁና ሹመት ሲነገር ደጋግመን የምንሰማው ነው፤ የተነሣው ግን ከዕለታዊ እደላ ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም፤ የማኅበሩን አባላት ጠርተው መልካም ምስክርነት ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አደረጉ። የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው መሆናቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ ማድረጉን በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ይገልጻል። ሐዋርያው ስለ ራሱ ሐቀኝነት ጥርጥር ኖሮት ሳይሆን ነቀፋ እንዳይነሣ አስቀድሞ መጠንቀቁ ነው።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ ዕድርና ዕቁብ ያሉ ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። በመሆኑም በዕድር ወይም በጽዋ ማኅበር ሥር የሚሠራ አነስተኛ የተራድኦ ኮሚቴ በዚህ አዋጅ የሚጠየቅ ዓመታዊ ሪፖርት ላይኖርበት ይችላል። የውስጥ ሥርዓቱ ከሌለ ሌላ ጠባቂ የለውም።

ከጉዳዩ መለየት የሚገባቸው አባላት በዝተው ምልዓተ ጉባኤ ቢጎድልስ? ይህ በትናንሽ አጥቢያዎች የሚያጋጥም ነውና በደንቡ አስቀድሞ ይታሰብበት። ለዚያ አንድ ውሳኔ ብቻ ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከአጎራባች አጥቢያ ሁለት ሰዎችን መጥራት፣ ጉዳዩ ከከበደም ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት ማቅረብ ይቻላል። ለተጠሩት ሰዎች መመዘኛውና ሰነዱ ከስብሰባው በፊት ይድረሳቸው፤ አለዚያ ለፊርማ ብቻ የመጡ ይሆናሉ።

የኮሚቴው የሥራ ዘመን ሲያበቃ የዝምድናና የንግድ መዝገቡ ከማኅተሙ፣ ከባንክ ደብተሩና ከቃለ ጉባኤው ጋር በርክክብ ሰነድ ተዘርዝሮ ለተተኪዎቹ ይሰጥ። አዲሶቹ አባላት በመጀመሪያው ስብሰባቸው አንብበውት የራሳቸውን ገጽ ከፍተው ይቀጥሉበት።