«ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ

በየቤታችን «ልጄ ለሒሳብ አልተፈጠረም» ሲባል እንሰማለን። በመድረሳም በመደበኛ ትምህርትም አልፈን ዛሬ ጠመኔ ይዘን የቆምን እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ብዙውን ልጅ ከሒሳብ ያራቀው የተፈጥሮ ጉድለት ሳይሆን፣ ምክንያቱ ሳይነገረው «ሸምድድ» ተብሎ የተሰጠው ቀመር ነው።

በመድረሳ ደረሳው በቃሉ ይይዛል፤ ነገር ግን በዚያ አያበቃም። ከሸይኹ ፊት ተቀምጦ ትርጉሙንና ምክንያቱን እየጠየቀ ኪታቡን ይቀራል። ሒሳብም እንዲሁ ነው። የማባዛት ሰንጠረዥ በቃል ይያዝ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተዳስሶ መገባት አለበት።

ለአብነት አል-ኸዋሪዝሚን እንመልከት። እኚህ ሊቅ ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. በገዙት በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ ያዘጋጁት መጽሐፍ «አልጀብራ» ለሚለው ስም መነሻ ሆኗል። በውስጡ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ «የአንድ ቁጥር ካሬ ከዚያው ቁጥር አሥር እጥፍ ጋር ተደምሮ 39 ቢሆን ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ነው። መልሱን ያስረዱት በሥዕል ነው። እኛም በክፍል ውስጥ ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ወረቀት እንቆርጣለን። አሥሩን ለሁለት ከፍለን፣ ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ወረቀቶች በሁለት ተጎራባች ጎኖቹ እናስጠጋለን። የሦስቱ ስፋት በአንድነት 39 ነው። ጥጉ ላይ ግን 5 በ5 የሆነ ባዶ ቦታ ይቀራል። በ25 ስንሞላው ጠቅላላው 64፣ ጎኑም 8 ይሆናል። ከ8 ላይ 5 ሲነሳ 3 ይቀራል። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

ይኸው መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉን ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት ሰጥቷል። አንዲት እናት ባል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ትታ ብትሞት፣ ዕዳዋ ተከፍሎ ኑዛዜዋም ተፈጽሞ 12,000 ብር ቢተርፍ፣ ለባል ሩቡ 3,000 ይደርሰዋል። ከቀረው 9,000 ወንዱ 6,000፣ ሴቷ 3,000 ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ስሌት ማበላሸት የወራሽን ሐቅ መንካት ነው።

በምህንድስና ደግሞ ስህተት ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ተማሪው ማስመሪያ በሁለት መጻሕፍት ላይ አጋድሞ በጣቱ ይጫን፤ ይጎብጣል። በጠርዙ አቁሞ ይጫን፤ እምቢ ይላል። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ያኔ ሕጉን እንነግረዋለን፦ የጣውላ ጥንካሬ በወርዱ ልክ፣ በቁመቱ ግን በካሬው ልክ ያድጋል። ስለዚህ 5 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ተጋድሞ ከሚችለው ይልቅ በጠርዙ ቆሞ አራት እጥፍ ይሸከማል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ጠየቃችሁ?» በሏቸው። እናንት ወጣቶችም ያልገባችሁን «ገብቶናል» አትበሉ፤ ዕውቀት አማና ነውና። ነገ በምትሠሩት ድልድይ ላይ የሚያልፈው ሰው ቀመሩን መሸምደዳችሁን አይጠይቅም፤ እግሩን የሚያሳርፈው በመረዳታችሁ ላይ ነው።